ነገረ ደባል

በአንድ ጣሪያ ሥር አድረው አንድ ኪራይ የሚከፍሉ ሁለት ሰዎች በቋንቋችን ደባል ይባላሉ፤ የዚህ ቃል ምሥጢር ግን በመዝገበ ቃላት ሳይሆን፣ ወሩ ሠላሳ ሞልቶ አከራዪቱ በሩን ሲያንኳኩ ይገለጣል። ነገሩን የመረመርኩባት ስፍራ የእስቴ ወረዳ ርእሰ ከተማ መካነ ኢየሱስ ናት፤ ከገጠር ቀበሌ ለትምህርት የመጣ ልጅ በደጋው ብርድ የጭቃ ቤት ተከራይቶ፣ ከእናቱ ቤት ያመጣውን ስንቅ እየቆጠበ፣ ሒሳብንና የሰውን ጠባይ በአንድነት የሚማርባት።

ደባል በሦስት ይከፈላል፦ ከፋይ፣ አዘግዪ፣ ቀሪ። ከፋዩ ሙግት ስለማያነሣ ታሪክ የለውም። አዘግዪውም «ገበያ ይዋልና» ከማለት በቀር ጥበብ የለውም፤ ከቤት ዶሮ ሲሸጥ ይከፍላል። ምርምር የሚገባው ቀሪው ነው።

ቀሪ ደባል ማለት ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣ ወደ አገሩ ሄዶ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ የሚመለስ፣ ሁለቱን አዳር በአራት ሳምንት አባዝቶ ስምንት ካደረሰ በኋላ «ያላደርኩበትን አልከፍልም» የሚል ፍጥረት ነው። ኪራያችን 200 ብር፣ የየራሳችን ድርሻም 100 ብር ነበርና፣ ደባሌ በደብተሩ ጀርባ አባዝቶና አካፍሎ 26 ብር ከ67 ሳንቲም ይቀነስልኝ ሲል አቤቱታውን አቀረበ። ሒሳቡን ሦስት ጊዜ መረመርኩት፤ ስሕተት አጣሁበት፤ ያናደደኝም ይኸው ነው።

«አልነበርኩም» የሚለው ቃሉ እንደ ቅዱሳት መጻሕፍት በአንድምታ ካልሆነ አይፈታም። አልነበርኩም አለ፤ ሰውነቱ አልነበረም ሲል ነው። አንድም፣ ሰውነቱ ባይኖር ኬሻው ነበረ፤ ኬሻውም ጤፍ እንደ ተሞላ ከግርጌዬ ቆሞ ስለሚያድር ቅዳሜ ሌሊት እግሬን ዘርግቼ አላውቅም። አንድም፣ ኬሻው አያንኮራፋም፤ ከባለቤቱ ይልቅ መልካም ደባል ነውና በዚህኛው ልከራከር አልቻልኩም። አንድም፣ እርሱ በሌለበት ሽሮው ነበረ፤ ሽሮውም እሑድ ማታ ሲታይ ጎድሎ ተገኘ። የዚህ አንድምታ ጸሐፊ በነገሩ ተከሳሽ ስለሆነ ሐተታውን አልፎታል።

ሕግ አገላብጫለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1896፣ በአንድ ዕዳ የገቡ ሰዎች የተለየ ስምምነት ከሌለ እያንዳንዳቸው ሙሉውን ሊጠየቁ እንደሚችሉ ይደነግጋል። አከራያችን እማሆይ ይህን ቁጥር አላነበቡም፤ ሆኖም መቁጠሪያቸውን እንደ ያዙ ከደጃፉ ቆመው፣ የእኔን አንድምታና የእርሱን ሒሳብ እስከ ፍጻሜው በትዕግሥት ከሰሙ በኋላ፣ «ከማንኛችሁም ይሁን፣ 200 ብሬን» ብለው ሕግ አውጪው በብዙ መስመር የደከመበትን በአራት ቃል ጨረሱት። በቅርቡ የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016ም ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል፤ ስለ ሽሮ ግን ዝም ይላል።

ቀሪ ደባል ዳግመኛ በሁለት ይከፈላል፦ ቀሪ በፈቃዱና ቀሪ በግዱ። ይህን ክፍል ጀምሬ ተውኩት። አንድ እሑድ ማታ ደባሌ ዝናብ እየወረደበት መጥቶ ሸክሙን ሲፈታ ከዱቄቱ መካከል በጨርቅ የተቋጠረ ሽሮ አውጥቶ ሰጠኝ፤ እናቱ «ይህ ለደባልህ ነው፤ ያንተን እንዳይነካብህ» ብለው የላኩት ነበር። በዚያች ሌሊት የሚቀነስለትን ቆጥሬ ልሰጠው ብነሣ ዝርዝር ሳንቲም አጣሁ። 27 ብር ሰጠሁት፤ 33ቱን ሳንቲም እስከ ዛሬ አልመለሰም።