ፈረሱ ወይስ ፈረሰኛው?

እሑድ ማታ ከፎርሙላ ዋን የመኪና ውድድር በኋላ፣ በእስራኤሏ አፉላ፣ ጊቭዓት ሃሞሬ ላይ አንድ ሳሎን ገብታችሁ «ጎበዙ ማክስ ቬርስታፐን ነው ወይስ መኪናው?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ በረካው ሳይጠጣ አትወጡም። አፉላ የታወቀችበት ሱፍ እየተፈለፈለ ክርክሩ ይጦፋል።

«በ2023 ቡድኑ ሬድ ቡል ከ22 ውድድር 21ዱን ጠራርጎ ወሰደ፤ አህያም ብታስቀምጥበት ያሸንፋል» ይላል የሃሚልተኑ ደጋፊ።

«ማክስ 19 ጊዜ፣ የቡድን ጓደኛው ፔሬዝ በዚያው መኪና ሁለቴ! ፔሬዝ ከአህያ አንሶ ነው?» ይላል የቬርስታፐኑ ደጋፊ።

መርሴዲስ ከ2014 እስከ 2021 ስምንት ዓመት በተከታታይ የቡድኖቹን ዋንጫ ሲወስድ፣ ለሃሚልተኑ ደጋፊ ነገሩ ሁሉ የሾፌሩ የሃሚልተን ተሰጥኦ ነበር። መኪና የሚባል ነገር መኖሩ የተገለጠለት ሬድ ቡል መልሶ ማሸነፍ ሲጀምር ነው።

ጎንደር ጉግስ እያዩ ያደጉት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፈረሱ ነው እንጂ! ፈረሱን የሚያውቀው ግን ፈረሰኛው ነው።» ሁለቱም «ለኔ ፈረዱ» ብለው አጨበጨቡ።

ጠዋት የሃሚልተኑ ደጋፊ ያረጀች ማዝዳው አልነሳ ብላው ቁልቁል ስንገፋለት አረፈድን። ጥፋቱ የመኪናዋ ነው አለ። መብራቱን አብርቶ ያደረው ማን እንደሆነ የጠየቀው የለም።