የእንስላሉ ሜዳ

ማራቶን የሚለውን ቃል የኛን ያህል የሚወድ ሕዝብ ያለ አይመስለኝም። ሮም፣ ቶኪዮ፣ ሜክሲኮ ሲነሳ ማራቶን አብሮ ይነሳል፤ ስብሰባ ሲንዛዛ እንኳ «የማራቶን ስብሰባ» እንላለን። ስለዚህ አቴንስ የሄድኩ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሜ የስሙን ባለቤት አገር ልይ ብዬ ተነሳሁ።

የአውቶቡሱ ሾፌር ከምወርድበት አሳልፎ አውራ ጎዳና ላይ አወረደኝ። በእግሬ ወደ ኋላ ስመለስ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት በኩል አፉን ከፈተ፤ ጥቂት እየጎተትኩት ሄጄ ጭራሽ ተገንጥሎ ቀረ። የነሐሴ ፀሐይ ነው፤ አስፋልቱ በካልሲ እንኳ አያስረግጥም። አበበ ቢቂላ ትዝ አለኝ። በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ውድድሩ የተጀመረው አመሻሽ ላይ ነበር፤ አበበም ችቦ በያዙ ወታደሮች መካከል አልፎ፣ ከቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ሰው ባዶ እግሩን ያነሳል፤ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው ያኔ ሮም ቆሞ በነበረው የአክሱም ሐውልት አካባቢ መሆኑ ነው።

ከአስፋልቱ ወርጄ ሣር ሣሩን ስሄድ ረጅም፣ ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ ቢጫ አበባ ያለው ተክል እግሬን ነካኝ። ቆርጬ በጣቴ አሸት አሸት ሳደርገው ሽታው የታወቀ ነው፤ እንስላል! ግሪኮች እንስላልን ማራቶን ይሉት ነበር፤ ሜዳውም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው ይባላል። አንድ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ እግሬን አይቶ ነጠላ ጫማ ባይሰጠኝ ኖሮ ከመቃብሩ ጉብታ አልደርስም ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 ዓመት ከፋርስ ጋር ተዋግተው የወደቁት 192 አቴናውያን እዚያ ተቀብረዋል።

ድሉን ሊያበስር እስከ አቴንስ ሮጦ ሞተ ስለሚባለው ሰው ግን የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ አንድም ቃል አልጻፈም። ወሬውን የምናገኘው ከ500 ዓመት በኋላ ከነፕሉታርክ ነው፤ የሯጩም ስም ከጸሐፊ ጸሐፊ ይለያያል። ሄሮዶቱስ የሚያውቀው ፊዲፒደስ ከጦርነቱ በፊት እርዳታ ሊለምን ከአቴንስ ስፓርታ ድረስ፣ ወደ 240 ኪሎ ሜትር ሮጦ በማግስቱ የደረሰውን ነው። ስፓርታዎች ጨረቃ ሙሉ እስክትሆን ጦር ማስወጣት ሕጋችን አይፈቅድም አሉት። ሲደርሱ ጦርነቱ አልቆ ነበር፤ የወደቁትን ፋርሶች አይተው፣ አቴናውያንን አመስግነው ተመለሱ።

ዓለም ግን አብሳሪውን መረጠ። በ1896 ፈረንሳዊው ሚሼል ብሬያል ባመጣው ሐሳብ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ተሮጦ ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ አሸነፈ። 42.195 የመጣው በ1908 ለንደን ላይ ነው፤ መነሻው የዊንድዘር ቤተ መንግሥት፣ መድረሻው ንጉሣውያኑ ከሚቀመጡበት ፊት ለፊት። የዛሬ ሯጭ መጨረሻዋ ላይ ጉልበቱ የሚከዳው በዚያች ትርፍ መንገድ ነው።

እኔ የማዝነው ለፊዲፒደስ ነው። የምሥራች ይዞ መሮጥ ደስታው ራሱ ይገፋል፤ «ጠብቁ» ተብሎ ባዶ እጅ መመለስ ግን ሌላ ጉልበት ይጠይቃል። ደግነቱ ከ1983 ጀምሮ በሱ መንገድ ስፓርታትሎን የሚባል 246 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። የኛ ልጆች እዚያም በርከት ብለው ቢሰለፉ ምንኛ ደስ ባለኝ።