አለመኖር ያዋጣል

የስፔን መንግሥት ይመስገን። በዚህ ዘመን ለመጤ የሚራራ መንግሥት ከየት ይገኛል? እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው የስታርትአፕ ሕግ፣ ላፕቶፑን አንግቶ የውጭ ሥራውን ከርቀት እየሠራ ለሚኖር «ዲጂታል ኖማድ» የረጅም ጊዜ ቪዛ ፈቀደ። ቪዛውን ሰጥቶም ሜዳ ላይ አልጣለውም። እንግዳው ተቀጣሪ ከሆነና ማመልከቻውን በጊዜው ካስገባ፣ ከደመወዙ እስከ 600 ሺህ ዩሮ ድረስ 24 በመቶ ብቻ ይከፍላል፤ ያውም በመጣበት ዓመትና በተከታዮቹ አምስት ዓመታት።

ማድሪድ ተወልዳ ማድሪድ ያደገችው፣ ያንኑ ሥራ የምትሠራው ጎረቤቱስ? እሷማ ከ60 ሺህ ዩሮ በላይ ባገኘችው ላይ ከ40 በመቶ በላይ ትገፈግፋለች። ይበላት! ማን እዚያ ተወለጂ አላት?

ይህ ቅናሽ በተለምዶ «የቤካም ሕግ» ይባላል። ዴቪድ ቤካም በ2003 ሪያል ማድሪድ ገባ፤ ደንቡ በ2005 ሲወጣ ስሙ ተለጠፈበት። ኋላ ላይ ነገሩ ሳያሳፍራቸው አልቀረም መሰል፣ ከ2015 ጀምሮ ፕሮፌሽናል ስፖርተኞችን ከቅናሹ አስወጧቸው። እንግዲህ ቤካም ዛሬ ለመጫወት ቢመጣ በቤካም ሕግ አይጠቀምም ማለት ነው። ወንበሩ ባዶ እንዳይሆን ባለላፕቶፑ ተቀመጠበት።

የስሙስ ይሁን፤ ውበቱ አሠራሩ ላይ ነው። እንግዳው ባርሴሎና ይኖራል፣ በአውቶቡሷ ይሳፈራል፣ የቤት ኪራይ ለማስወደድም የበኩሉን ያዋጣል። ግብር ሲሰላ ግን ነዋሪ እንዳልሆነ ሰው ይታሰብለታል። አለ፤ የለምም። ሊቃውንት በስንት ጉባኤ የሚከራከሩበትን ምስጢር የግብር መሥሪያ ቤቱ በአንድ ቅጽ ፈታው።

ታይላንድ ደግሞ ሌላ ጥበብ አላት። በ2024 የጀመረችው ቪዛ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ በአንድ መግቢያ 180 ቀን ያስቀምጣል። በአገሪቱ ሕግ በአንድ ዓመት ውስጥ 180 ቀን የሞላው ሰው ለግብር ነዋሪ ነው። ኢሚግሬሽኑ «180 ቀን ተዝናና» ብሎ ያስገባዋል፤ ገቢዎች በ180ኛው ቀን ይጠብቀዋል። ኖማዱም የዋዛ አይደለም፤ በ179ኛው ቀን ሻንጣውን ዘግቶ ጎረቤት አገር ነው። እንዲህ አጥብቆ ቀን ሲቆጥር ያየሁት ሁዳዴን የጀመረ ልጅ ብቻ ነው።

ይህ ደስታ የማይሞላለት የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘው ነው፤ አሜሪካ ዜጋዋን የትም ቢገባ ስለ ገቢው ትጠይቀዋለች። ዜግነት ወስዶ የተመለሰው ያገራችን ልጅም ቢጫ ካርዱን ይዞ ቦሌ ይኖራል፤ ቅጹን ግን ለአሜሪካ ይሞላል። ሞኝ አገር! ዜጋ ማለት አምልጦ የሚቀር መሆኑን ገና አልተረዳችም።

ወደ ማድሪዷ ልጅ ልመለስ፤ ነገሩ ተስፋ አያስቆርጥም። ቅናሹ ከሚጠይቀው ዋናው፣ ባለፉት አምስት ዓመታት የስፔን ነዋሪ አለመሆን ነው። ዜግነት አያግድም። እናም አምስት ዓመት ጠፍታ፣ የሥራ ውል ይዛ ብትመለስ እሷም እንግዳ ትሆናለች። የት ትጥፋ? ክሮኤሽያ ኖማዶችን ከውጭ በሚያገኙት ደመወዝ ላይ ግብር አታስከፍልም፤ ግን ያ ፈቃድ ለአውሮፓ ኅብረት ዜጎች አይሰጥም። ጎረቤት መሆንም ኃጢአት ነው።

ዱባይ ትሂድ። እዚያ የደመወዝ ግብር የለም፤ ከውጭ አሠሪ ደመወዝ እንዳላት ካሳየች ቪዛዋን በየዓመቱ እያደሰች ትቀመጣለች። በቤት ሠራተኝነት ያሉት የኛ እህቶችም ግብር አይከፍሉም። እኩልነት ማለት ይህ ነው! ልዩነቱ የእነሱ መኖሪያ ፈቃድ በአሠሪያቸው ላይ መንጠልጠሉ ብቻ ነው።

አምስቱ ዓመት እስኪሞላ የማድሪድን መንገድና ሆስፒታል ማን ይከፍላል የሚል አይጠፋም። እናቷ አሉ አይደል? እሳቸው የትም አልሄዱም።