የአያት ቅጂ፦ ተረትን እንደገና ስለመጻፍ ከመገናኛ እስከ እንጦጦ የተደረገ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ አንድ መጽሐፍ አዟሪ ነው። መገናኛ፣ የታክሲው ሰልፍ ከሚጠመዘዝበት ጥግ፣ መጻሕፍቱን ከእምብርቱ እስከ አገጩ ከምሮ ቆሟል። «አዲስ ነገር አለህ?» አልኩት። ከክምሩ መሐል አንዱን በአውራ ጣቱ ገፋ አድርጎ «ይቺ አዲስ ናት፤ ታሪኩ የድሮ ነው» አለኝ። የሥነ ጽሑፍ መምህራን ሴሚስተር የሚፈጅባቸውን ጉዳይ በስድስት ቃል ጨረሰው። ዋጋው ላይ ግን እንዲህ አላጠረም።

ተረትንና አፈ ታሪክን ልብ ወለድ አድርጎ እንደገና መጻፍ ከፈረንጅ የመጣ ፋሽን ነው የሚል ወገን አለ። ፈረንጆቹ በእርግጥ ተግተውበታል፤ የሆሜር ጠንቋይ ሰርሲ እንኳ በ2018 እ.ኤ.አ. በማደሊን ሚለር ብዕር የራሷን ልብ ወለድ አግኝታለች። ይሁንና የንግሥት ማክዳን ነገር የያዘው የኛው ክብረ ነገሥት፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ግእዝ ሲለብስ፣ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ ከዚያም ወደ ግእዝ የተመለሰ መሆኑን ማብቂያው ላይ ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ከ600 ዓመት በፊትም ታሪኩ የድሮ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ «ጦቢያ»ም ቢሆን፣ ሴት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ መንገድ የምትወጣበት፣ «የላም በረት» ያልተባለበት ተረት ነው።

ለናሙና የመረጥነው የአንበሳውን ጠጉር ነው። የእንጀራ እናት የባሏ ልጅ አልቀርብ ይላታል፤ አዋቂ ዘንድ ትሄዳለች፤ አዋቂው «የአንበሳ ጠጉር አምጪ» ይላታል፤ ሥጋ እየወረወረች፣ በየቀኑ አንዳንድ እርምጃ እየቀረበች አንበሳውን ታለምደዋለች። እስከዚህ ድረስ በየካ ክፍለ ከተማ ልዩነት የለም። ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን የተገኘው ቅጂ ሀ «ሦስት ጠጉር» ይላል። ኮተቤ የተገኘው ቅጂ ለ «አንድ፣ እሱም ከጢሙ» ይላል። ሾላ ገበያ የተገኘው ቅጂ ሐ «ጠጉር ሳይሆን ጥፍር ነው» ካለ በኋላ ተቋርጧል፤ መረጃ ሰጪዋ ሽንኩርት ካልገዛን እንደማይቀጥሉ ስለገለጹልን።

ቅጂዎቹ ሁሉ የተቀዱበትን፣ ማንም ያላየውን ምንጭ «የአያት ቅጂ» ብለነዋል። አንባቢ ይህን አያት ከሚባለው ሰፈር እንዳያምታታው። ሰፈሩ ባቡሩ የሚያበቃበት ነው፤ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ሲቋቋም ከየካ እጅ ወጥቷል። የአያት ቅጂ ግን ከማንም እጅ አልወጣም፤ እያንዳንዱ መረጃ ሰጪ ትክክለኛው የሱ አያት ዘንድ እንዳለ ያረጋግጣል። በተጨማሪም በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ከተጀመረ ወዲህ የተሰበሰቡ ቅጂዎች በጥንቃቄ መታየት አለባቸው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ40 ዓመት በላይ ለአገሩ ልጅ ሁሉ ተረት ስለነገሩ፣ ዛሬ «አያቴ ነገረችኝ» ከሚለው ጎልማሳ ስንቱ አያቱን ስንቱ አባባ ተስፋዬን እንደሚጠቅስ በቤተ ሙከራ መለየት አልተቻለም።

ወደ ሙከራው እንለፍ። የሰፈራችን አንድ ወጣት ይህንኑ ተረት ወደ ልብ ወለድ ቀይሮ ረቂቁን ሰጥቶኝ ነበር። አንበሳው እንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥ ይኖራል፤ ሴትየዋ እንጨት ተሸካሚ ናት፤ ተራኪው አንበሳው ራሱ ነው፤ ያውም ብቸኝነት የሚያጠቃው አንበሳ። ለጎረቤቴ እናት ቡና ላይ አነበብኩላቸው። አንበሳው በአንደኛ መደብ ሲናገር ምንም አላሉም። ሴትየዋ ሞባይል አውጥታ ስትደውል ሲኒ እያለቀለቁ ነበር፤ ዝም። አንበሳው ስለ ልጅነቱ አራት ገጽ ሲተክዝ «ምስኪን» አሉ። መጨረሻ ላይ ሴትየዋ ሁለት ጠጉር ስትነቅል ግን ጀበናውን ከነእሳቱ ገፋ አደረጉት።

«ሦስት ነው። ማነው ሁለት ያለው?»

«ድርሰት እኮ ነው እማማ።»

«ድርሰት ቢሆንስ፣ ልጁ መቁጠር አይችልም?»

ዋናው ግኝታችን ይኸው ነው፦ አንባቢያችን አንበሳው ቢያወራ፣ ቢያለቅስ፣ ስልክ ቢደወልለት ይፈቅዳል፤ ቁጥር ሲነካበት ግን ያነበበውን ሁሉ ይሰርዛል። ልብ ወለዱን የሚያነበው ለመዝናናት ሳይሆን ለኦዲት ነው።

አንድ ተቃራኒ ማስረጃ አለ። ከአያት (ከሰፈሩ) ወደ መገናኛ በሚመጣው ባቡር «አንድ ለናቱ»ን የያዘ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀመጠ። አቤ ጉበኛ አጼ ቴዎድሮስን በዚህ ልብ ወለድ፣ ብርሃኑ ዘሪሁን ደግሞ በ«የቴዎድሮስ ዕንባ» እንደገና ፈጥረዋቸዋል፤ ሁለቱም ደራሲያን በሌላው ሁሉ እንደልባቸው ሆነው መቅደላ ላይ እጃቸው ያጥራል። «ጥሩ ነው?» አልኩት። «መጨረሻውን እንዳትነግረኝ» አለኝ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ሽጉጣቸውን መጠጣታቸውን ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምሯል። ቢሆንም አልነገርኩትም።

የካ ተራራ ላይ ያለውን ዋሻ ሚካኤልንም ጎብኝተናል። አፈ ታሪኩ ከአንድ አለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያን ለአብርሃና አጽብሃ ይሰጣል፤ ተመራማሪዎች ብዙ ምዕት ዓመት ወደኛ ያመጡታል። ይህን ልዩነት መንገድ ላሳየን ልጅ ስናስረዳው «ተመራማሪዎቹ ያን ጊዜ ነበሩ?» አለን። ጥያቄው በገጽ እጥረት ምክንያት ታልፏል።

ጥናቱ ጉድለት አለው። ፈረንጆቹ ጠንቋይዋን ሲያናግሩ እኛ ጅቡን ገና አልጠየቅነውም፤ በተረቶቻችን ሁሉ ቂል ሆኖ የኖረ፣ የራሱ ልብ ወለድ የሚገባው ፍጡር እሱ ነው። እንጦጦ ላይ መረጃ ሰጪ አይጠፋም፤ ነገር ግን ማምሻውን ነው የሚገኙት፣ የጥናት ቡድኑም (አንድ ሰው ነው) ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ መስክ አይወጣም።

እስከዚያው ለአንባቢ አንድ ልመና አለኝ። አያት ያላችሁ፣ ሰፈሩን ማለቴ አይደለም፣ በዚህ ሳምንት ስንት ጠጉር እንደነበረ ጠይቁልኝ።