ልጆቹ ያስባሉ፤ ጥያቄው ነው ያልገባቸው

በየዓመቱ የመጀመሪያው ሴሚስተር የፈተና ወረቀት ሲመለስ ከሰበታ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ በየቤቱ የሚሰማው ምሬት አንድ ነው። ወላጅ «8ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ያለፈ ልጄ 9ኛ ሲገባ ምን ነካብኝ?» ይላል። መምህሩ ደግሞ «የዛሬ ልጆች እኮ አያስቡም፤ ከሽምደዳ ሌላ አያውቁም» ብሎ ይመልሳል። ልጁ በሁለቱ መሀል አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ «አያስቡም» የሚሉት ፍርድ ነው። ዓመት ሄዶ ዓመት ሲመጣ ያው ነው። ሰሚ ያለ ባይመስልም ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በእነዚህ ከተሞች የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ አብዛኛው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ሒሳቡንም ሳይንሱንም የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ በአማርኛ የሚማርም አለ። 9ኛ ክፍል ላይ ሁለቱም አንድ ክፍል ውስጥ ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ መጽሐፉም፣ የቤት ሥራውም፣ ፈተናውም እንግሊዝኛ ነው። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃውን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃውንና ከዚያ በላይ ያለውን በእንግሊዝኛ ብሎ ከደነገገ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ ትክክል ነው፤ በዚያ ጠብ የለኝም። ጠቤ ከመሻገሪያው ጋር ነው። ሰኔ ላይ በራሱ ቋንቋ ያብራራ የነበረ ልጅ መስከረም ላይ በሌላ ቋንቋ እንዲተነትን ይጠየቃል። በመሀል ያለው አንድ ክረምት ብቻ ነው፤ በዚያ ክረምት ደግሞ ማንም ምንም አላስተማረውም።

«እንግሊዝኛ አይችሉም» እየተባለ በደፈናው ይወራል። መፍትሔውን ያራቀው ይሄው በደፈናው ማውራት ነው። ልጆቹን የሚጥላቸው የትኛው እንግሊዝኛ እንደሆነ ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ይገረማል። «ኦስሞሲስ» ወይም «ክሮሞሶም» አይደለም። እነዚህማ መጽሐፉ ላይ በደማቅ ቀለም ተጽፈዋል፤ መምህሩም ሰሌዳ ላይ አስፍሮ ትርጉማቸውን ያስጽፋል። የሚጥሉት ማንም የማያደምቃቸው ቃላት ናቸው፦ «ኢንፈር» (ካየኸው ተነሥተህ ደምድም)፣ «ጀስቲፋይ» (ምክንያትህን አስረዳ)፣ «አሲዩም» (እንደሆነ ቁጠር)፣ «ዌርአዝ» (በአንጻሩ)፣ «አንለስ» (ካልሆነ በቀር)። ጥያቄው ውስጥ የተሸጎጠች አንዲት «ኤክሴፕት» (በስተቀር) ትምህርቱን አብጠርጥሮ የሚያውቀውን ልጅ ታስታለች፤ ስህተቱን ምረጥ ተብሎ እውነቱን አክብቦ ይወጣል።

አንዲት የሰፈሬ ልጅ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪ፣ የባዮሎጂ ፈተናዋን ይዛ መጣች። ጥያቄው የሚለው እንዲህ ነው፦ የአንድ ቅጠል ግማሹ በጥቁር ወረቀት ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ ቆየ፤ በኋላ በአዮዲን ሲፈተሽ ያልተሸፈነው ወገን ጠቆረ፣ የተሸፈነው አልጠቆረም። መጨረሻው ላይ «ዋት ካን ዩ ኢንፈር?» ይላል። ልጅቷ አራት መስመር ሙሉ የፎቶሲንተሲስን ትርጉም ከደብተሯ እንደሸመደደችው ጽፋለች፤ አንድ ፊደል አልሳተችም። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ተሰጥቷታል። «የተሸፈነው ለምን ያልጠቆረ ይመስልሻል?» ብዬ በአማርኛ ጠየቅኋት። ትንሽ አሰብ አደረገችና «ብርሃን አላገኘማ፣ ጋሼ! ብርሃን ካላገኘ ምግቡን አይሠራም፤ ስለዚህ ስታርች የለውም» አለች። ፈታኙ የፈለገው እኮ ይሄንኑ ነበር! ካየችው ተነሥታ ያላየችውን ደርሳበታለች። የተጠየቀችው ይሄን እንደሆነ የነገራት ሰው ነው የጠፋው።

እነዚህ የጥያቄ ቃላት አሳዳጊ እንደሌለው ልጅ ናቸው። የባዮሎጂው መምህር «ቋንቋ የእንግሊዝኛ መምህሩ ሥራ ነው» ይላል። የእንግሊዝኛ መምህሩ ደግሞ አክቲቭና ፓሲቭ ቮይሱን፣ ኮንዲሽናሉን፣ ሪፖርትድ ስፒቹን ለመጨረስ ይሮጣል። ቃላቱ የማንም ትምህርት ስላልሆኑ ማንም አያስተምራቸውም። ብዛታቸው ደግሞ የሚያስፈራ አይደለም። የኒውዚላንዷ የቋንቋ ተመራማሪ አቭሪል ኮክስሄድ በ2000 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ዝርዝር በየትምህርት ዘርፉ ደጋግመው የሚመጡትን ቃላት በ570 የቃላት ቤተሰቦች ጠቅልሎ አስቀምጧቸዋል። «አሲዩም»፣ «ኢንፈር»፣ «ጀስቲፋይ»፣ «ዌርአዝ» ሁሉም እዚያ አሉ። ለአራቱ የሁለተኛ ደረጃ ዓመታት ቢከፋፈሉ በሳምንት አራት ገደማ ናቸው። በሳምንት አራት ቃል አቅቶን ነው ትውልድ የሚወቀሰው!

ይበልጥ የሚያሳዝነው ቃላቱ በየመምህራኑ እጅ ላይ መኖራቸው ነው። የማንኛውንም መምህር ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ግለጡ፤ ከዓላማው ሥር ተማሪዎቹ «ዲፋይን»፣ «ኤክስፕሌን»፣ «አናላይዝ»፣ «ኢቫሉዌት» ማድረግ ይችላሉ ተብሎ በተርታ ተደርድሯል። ይህ ድርድር የመጣው አሜሪካዊው ቤንጃሚን ብሉምና ባልደረቦቻቸው በ1956 እ.ኤ.አ. ካወጡት፣ ዕውቀትን ከማስታወስ እስከ መመዘን በደረጃ ከሚከፍለው ሥራ ነው። ዕቅዱን ዲፓርትመንቱ ያየዋል፣ ርእሰ መምህሩ ይፈርምበታል፣ ሱፐርቫይዘሩ ይመረምረዋል። ያላየው ልጁ ብቻ ነው። መተንተን ከማብራራት በምን እንደሚለይ፣ አንዱን ለማድረግ ስንት መስመር፣ ሌላውን ለማድረግ ምን ዓይነት ማስረጃ እንደሚያስፈልግ አንድም ቀን ሰሌዳ ላይ ተሠርቶ አላየም፤ በፈተና ቀን ግን ይጠየቅበታል።

ታዲያ ልጁ ምን ያድርግ? መምህሩ ክፍል ውስጥ እንዲገባው ብሎ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ያስረዳል፤ ይህ ደግነት ነው። የሚያስጽፈው ሾርት ኖት ግን እንግሊዝኛ ነው፤ የሚፈትነውም በእንግሊዝኛ ነው። ልጁ የገባውን ነገር በራሱ አረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ መጻፍን ማንም ስላላለማመደው ሾርት ኖቱን እንዳለ ይሸመድዳል። ሽምደዳው ስንፍና ሳይሆን መውጫ ያጣ ልጅ መላ ነው። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃው ትምህርት የሚያስተላልፍ ፕላዝማ ቴሌቪዥን የተተከለ ጊዜም ይኸው ነበር። በጥሩ ሥዕልና በጥሩ ሙከራ የተዘጋጀው ትምህርት በፈጣን እንግሊዝኛ ይወርዳል፤ «አሁን ተወያዩ» ብሎ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፤ ልጆቹ ምን ተባልን ሲባባሉ ደቂቃዋ ታልቃለች። ቴሌቪዥኑ ሄደ፣ ችግሩ ቀረ።

የወላጁ ምሬት ደግሞ የኪስ ነው። አዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት እንግሊዝኛውን ከ7ኛ ክፍል ስለጀመረች «እዚያ ይሻለዋል» ብሎ ልጁን በሌሊት ቀስቅሶ ከቡራዩ ወደ አስኮ፣ ከሰበታ በአለም ገና ወደ አየር ጤና፣ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ በታክሲ የሚልክ ስንት አለ! ያልቻለው አቅራቢያው ባለ የግል ትምህርት ቤት፣ «እንግሊሽ ሚዲየም» የሚል ሰሌዳ አይቶ፣ ከቤት ኪራዩ ላይ ቀንሶ ይከፍላል። ልጁ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ሲል፣ የእንስሳትን ስም በእንግሊዝኛ ሲቆጥር፣ ወላጅ ደስ ይለዋል። ሰላምታውና ስሙ ግን ልጅን 9ኛ ክፍልን አያሻግሩትም። ሁለት ነገር አወዳድሮ፣ ምክንያቱን ሰጥቶ፣ «ስለዚህ» ብሎ መደምደምን ካልተማረ አፉ የተፈታው እንግሊዝኛ ፈተና ላይ ይከዳዋል። ወላጅ የከፈለበት ሌላ፣ ልጁ የተጠየቀው ሌላ ይሆናል።

የዚህ ሁሉ መጨረሻ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። ሁሉም በቋንቋ ምክንያት ወደቀ አልልም፤ የመጽሐፍ እጥረቱ፣ የላቦራቶሪው ባዶነት፣ የመምህሩ ኑሮ ሁሉም ድርሻ አለው። ነገር ግን የማሰብ ችሎታ ይለካበታል የሚባለው አፕቲቲዩድ እንኳ በእንግሊዝኛ ነው የሚጠየቀው። የቃሉን ፍቺ ያላወቀ ልጅ አስቦ ይሁን ሳያስብ የወደቀው በምን ይለያል?

ማሰብማ ከውጭ የመጣብን ዕቃ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ደግሞ ቢያመጣ አይቆጠርለትም፤ የራሱን አዲስ ይዞ መቅረብ አለበት። አንድምታው አንዱን ቃል «አንድም» እያለ በየመልኩ ሲፈታ የኖረ ትምህርት ነው። የኦሮሞ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሁለት ባላጋራን ነገር መዝነው ሲፈርዱ ልጆች ዳር ሆነው ይሰማሉ። ሱሉልታ ውስጥ ላም ባለበት ቤት ያደገ ልጅ ወተቱ ሲቀንስ ድርቆሹ ነው፣ ውሃው ነው ወይስ በሽታ ብሎ ከአባቱ ጋር አንድ በአንድ እያጣራ ይደርስበታል። ትምህርት ቤታችን የዚህን ልጅ ማስተዋል ተቀብሎ የእንግሊዝኛውን ስም ሊሰጠው ሲገባ፣ ምንም እንደማያውቅ ቆጥሮ ከዜሮ ያስጀምረዋል።

ስለዚህ ልመናዬ ይኸው ነው። መምህራን ሆይ፣ እያንዳንዳችሁ በሳምንት አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ ብቻ ስጡ፤ አንዱን የጥያቄ ቃል መጀመሪያ ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ አሠሯቸው፣ ቀጥሎ ስሙን በእንግሊዝኛ ንገሯቸው፣ በመጨረሻም መልሱ ምን እንደሚመስል ሰሌዳ ላይ ጻፉላቸው። ባዮሎጂም ሒሳብም የምታስተምሩ፣ ይህ የእናንተም ሥራ ነው። መጽሐፍ የምታዘጋጁ፣ «ክሮሞሶም»ን እንዳደመቃችሁ «ኢንፈር»ንም አድምቁ። ትምህርት ቢሮዎች፣ በ8ኛና በ9ኛ መካከል ያለውን ክረምት ለመሸጋገሪያ ትምህርት አውሉት። ወላጆችም ልጃችሁ ደብተሩን ሲዘረጋ በምትችሉት ቋንቋ «ለምን? በምን አወቅህ?» በሉት። እንግሊዝኛ ባታውቁም ይህን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ ገንዘብም አይጠይቅም።