ስንት ትጠብቃለህ?

ቢቸናም ይሁን ሞጣ፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ለተመለሰ ልጅ የሚሰጠው ሰላምታ አንድ ብቻ ነው፦ «ስንት ትጠብቃለህ?» በደህና ገባህ ወይ የሚል የለም። መንገዱ ሰላም ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅም ጥቂት ነው፤ የዚህኛው መልስ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ይሆናል። ጥያቄው ጠዋት ከቡናው ላይ ይነሣል፤ እኩለ ቀን ላይ ጸጉር አስተካካዩ ጋ ይደርሳል፤ ማታ ከአባትየው ጋር አብሮ ቤት ይገባል። እሑድ ደግሞ ቅዳሴ እስኪወጣ በደጀ ሰላሙ ቆሞ ይጠብቃል።

መልስ የመስጠቱ ጥበብ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው።

«አንተ ልጅ፣ ስንት ትጠብቃለህ?»

«ኧረ እንጃ እትዬ፣ እግዜር ያውቃል።»

«እሱማ ያውቃል። አንተ ስንት ትላለህ?»

ልጁ እዚህ ላይ ተይዟል። ዝቅ አድርጎ ቢናገር ወሬው ከእሱ ቀድሞ እናቱ ጆሮ ይገባል፤ እናት ወጡን ሳታማስል ታሳርራለች። ከፍ አድርጎ ቢናገር አፉን የማይሰበስብ ጉረኛ ነው፤ ዓይን ይበላዋል፤ ውጤቱ የቀነሰ እንደሆነ ደግሞ የተናገራት ቁጥር እስኪያገባ ድረስ ስሙ ላይ ተቀጽላ ሆና ትቀራለች። ስለዚህ ብልህ ተፈታኝ «አይከፋም» ብሎ ያልፋል። እትዬም አትሞኝም፤ «አይከፋም» ካለ አራት መቶ ነው ብላ ራሷ ደምራ ለጎረቤት ታከፋፍላለች። የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ አገር ሰው ነንና ጦር አያስደነግጠንም። ይህቺ ጥያቄ ግን ጎበዙን ሁሉ በጓሮ በር ታስወጣዋለች።

እኔ በዚህ ልማድ ላይ ከሚያፌዙት ወገን አይደለሁም። እንዲያውም አገሪቱ በትክክል የምታካሂደው የትምህርት ሥራ ግምት ብቻ ነው ባይ ነኝ፤ ማስረጃዬንም ይዤ ቀርቤያለሁ። ብሔራዊ ፈተናው በአብዛኛው አራት ምርጫ አለው። ጥያቄውን ሳያነብ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያጠቁር ልጅ በአማካይ ከመቶ 25 ያገኛል። ይህን ሂሳብ የሚያውቅ ሰው የ2015 ዓ.ም.ን ፈተና ውጤት ቢያይ ባርኔጣውን ማንሣቱ አይቀርም፤ የአገሪቱ ተፈታኞች አማካይ 30 አልሞላም ነበርና። እንግዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብተር ተገዝቶ፣ ዩኒፎርም ተሰፍቶ፣ ጤፍ ተሸጦ፣ በባዶ እግር ወንዝ ተሻግሮ፣ ትምህርት ቤቱ በግምት ላይ የጨመረው አምስት የማትሞላ ነጥብ ናት። ሃያ አምስቷን ያመጣት ግምት ሆኖ ሳለ ምስጋናውን ሁሉ ለትምህርት ሚኒስቴር መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ግምት ተቋማዊ መልክ የያዘበትን ሰነድ ማየት የሚሻ ትራንስክሪፕት ያገላብጥ። አንዱን በቅርብ እንየው። ዘጠነኛ ክፍል ሂሳብ 91። አሥረኛ 93። አሥራ አንደኛ 94። አሥራ ሁለተኛ 96። በአገራችን እንዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያደናቅፈው ሽቅብ የወጣ ነገር ቢኖር የዘይት ዋጋ ነው። ከስሩ ክብ ማኅተም አለ፤ ማኅተሙ የፎቶግራፉን ግማሽ ፊት ሸፍኖታል፤ ደረጃ በሚለው ቦታ «1ኛ» ይላል። በዚያው ክፍል ሌሎች ስድስት አንደኞች እንዳሉ ወረቀቱ አይናገርም፤ ምን ቸገረው! ይኸው ልጅ ብሔራዊ ፈተና ላይ በሂሳብ 27 ሲያመጣ ቤተሰቡ ማንን እንደሚጠረጥር ለመገመት ትንቢት አያሻም፦ ማረሚያ ማሽኑን።

ዘጠና ስድስቷ እንዴት እንደምትሠራ የማያውቅ መምህር የለም። «ተከታታይ ምዘና» የተባለ መልካም ሐሳብ ነበር። መልካምነቱ አሁንም በመመሪያው ላይ አለ። ወደ ክፍል ሲወርድ ግን አሥሩ ለቤት ሥራ ነው፤ ከአንዱ ተቀድቶ ለሃምሳው የሚታደል። አሥሩ ለቡድን ሥራ ነው፤ አንዷ ትጽፋለች፣ አምስቱ ስማቸውን ያስጽፋሉ። አምስቱ ለተሳትፎ፣ አምስቱ ለደብተር አያያዝ። የቀረውን ያላመጣ ቢኖር ማጠናከሪያ ይሰጠዋል፤ ማጠናከሪያው የሚያጠናክረው ነጥቡን ነው። ብዙ ተማሪ የጣለ መምህር ለምን እንደጣለ በጽሑፍ እንዲያስረዳ ይጠየቃል። ሁሉንም ያሳለፈ መምህር እንዴት እንዳሳለፈ ሲጠየቅ ግን ሰምቼ አላውቅም። ትምህርት ቤቱ ለወረዳው፣ ወረዳው ለዞኑ፣ ዞኑ ለክልሉ ዘጠናውን እየተቀባበሉ ያሳርጉታል፤ ከላይ ሲደርስ ማንም ያልዋሸበት፣ ሁሉም የፈረመበት ደስታ ይሆናል።

እንግሊዞችም ይህን ያውቁበታል፤ ግን እንደኛ አይደርሱበትም። እዚያ አገር ልጁ ሳይፈተን መምህሩ «ይህን ያህል ያመጣል» ብሎ ይጽፍለታል፤ ኮሌጁም ዩኒቨርሲቲውም በዚያ ግምት ላይ ተመሥርቶ ቦታ ይሰጠዋል። ከአሥራ አንደኛ ዓመት በኋላ ሁለት ዓመት የሚማሩበት ኮሌጅ አለ፣ የኛን የድሮውን መሰናዶ የሚመስል፤ እሱን ለመግባት እንኳ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ እንቅልፍ የሚያጣው ገና ባልተፈተነው ፈተና ውጤት ነው። በ2016 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አንዲት የለንደን ተመራማሪ ይህን የመምህራን ግምት ከእውነተኛው ውጤት ጋር ብታመሳክረው፣ የልጁ ሦስት ፈተናዎች ነጥብ እንደተጻፈው የሰመረው 16 በመቶው ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሦስት አራተኛው የተጋነነ ነበር። በኮሮናው ዓመት ፈተና ቀርቶ በግምት ይለቅ ሲባል፣ መንግሥት የመምህራኑን ቸርነት በኮምፒውተር ቀመር ለመላጨት ሞከረ፤ ወደ 40 በመቶ የሚሆነው ግምት ተቀነሰ፤ ተማሪው አደባባይ ወጣ፤ ነሐሴ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ቀመሩ ተሰረዘና የመምህራኑ ግምት ተመለሰ።

አሥራ ስድስት በመቶ! በዚህ የሚጨነቅ ሕዝብ ያሳዝናል። እኛ ዘንድ መቶ በመቶ የሚሰምር ግምት ማውጣት የሚቻልባቸው ትምህርት ቤቶች በሺህ ይቆጠራሉ። የ2014 ተፈታኞች ውጤት ሲነገር አንድም ተማሪ ሃምሳ በመቶ ያላመጣባቸው ትምህርት ቤቶች 1,161 ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 1,328 ደረሰ፤ ካስፈተኑት ከመቶው አርባ ሦስቱ ማለት ነው። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች «ስንት ልጅ ያልፋል?» ተብሎ የተጠየቀ ጠባቂ እንኳ ከለንደን ምሁራን ሁሉ አብልጦ ይመልሳል። ያን ዓመት ከ845 ሺህ ገደማ ተፈታኞች ያለፉት 27,267 ናቸው፤ 3 ነጥብ 2 በመቶ። ከዚያ ወዲህ 5 ነጥብ 4፣ በ2017ም 8 ነጥብ 4 በመቶ ደርሰናል፤ እድገት ነው፣ አልክድም። ሆኖም አገሬው ሁሉ «አያልፍም» ብሎ ቢገምት ከመቶ ዘጠና አንዱን ያገኛል። ዘጠና አንድ ደግሞ ማኅተም ቢያርፍበት ጥሩ ትራንስክሪፕት ነው።

እኛ በተማርንበት ዘመን ጭንቀቱ በሁለት ይከፈል ነበር። ከ1993 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ አሥረኛ ክፍል ላይ አንድ ብሔራዊ ፈተና ነበረ፤ ያለፈው መሰናዶ ይገባል፣ የቀረው ቴክኒክና ሙያ። መቁረጫ ነጥቡ እስኪወጣ ድረስ ክረምቱን ሙሉ «ዘንድሮ ስንት ይሆናል?» እየተባለ ይከረማል። አሁን ያ ቀርቶ ሁሉም ጭንቀት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል በአንድ ጊዜ ይጫናል።

ከጭንቀቱ ሁሉ የላቀው ግን ውጤት የሚለቀቅበት ቀን ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ኢንተርኔት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ፣ በዚህ በኛ አካባቢ ውጤት ማየት የአንድ ሰፈር ሥራ ነበር። በ6284 የተላከው አጭር መልእክት መልስ ሳያመጣ ሲቀር አዲስ አበባ ያለች አክስት ይደወልላታል። ኔትወርክ የሚይዘው ከጉብታው ላይ ነውና ልጁ፣ አባትየው፣ ሁለት አጎቶችና ምንም የማይመለከታቸው አራት ሰዎች ተያይዘው ይወጣሉ። ስልኩ ድምፁ ተለቆ መሬት ላይ ይቀመጣል።

«ቁጥሩን ድገምልኝ የኔ ልጅ፤ ሁለቱ ዜሮ ከሰባቷ በፊት ነው በኋላ?»

«በኋላ ነው አክስቴ።»

«እሺ… ይሽከረከራል… አሁንም ይሽከረከራል።»

ይህ ሲሽከረከር የሚሆነውን ያላየ ሰው ስለ አገራችን ኢኮኖሚ አይናገር። ጠዋት ከቤት ሲወጡ የሚጠበቀው 450 ነበር። ጉብታው ግርጌ ሲደርሱ አንደኛው አጎት «አራት መቶም ትልቅ ነገር ነው» ይላል። ስልኩ ሁለት ጊዜ ሲቋረጥ አባት «ብቻ ሃምሳ በመቶዋን ይሙላ» ይላል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ሪሚዲያል ከገባ ምን ጎደለው፤ አራት ወር አይደል» ተብሎ ይወሰናል። ገና ያልታየ ውጤት በአንድ ቀን ይህን ያህል ሲወድቅ ያየሁት እዚህ ብቻ ነው። ልጁ ይህን ሁሉ እየሰማ ጠጠር ይለቅማል። ስለ እሱ የሚካሄደው ጨረታ ላይ ድምፅ የለውም።

ከዚያች ጉብታ ብዙም ሳይርቅ የቅኔ ትምህርት ቤት ያለበት ዲማ ጊዮርጊስ አለ። የቅኔ ተማሪው ጉባኤ ቃናውን ቆጥሮ መምህሩ ፊት ይቆማል፤ ቤት ከደፋ ደፋ፣ ካልደፋ እዚያው ይታረማል፤ ነገ ደግሞ ትናንት የተቆጠረውን መልሶ ማምጣት ነውር ነውና አዲስ ይዞ ይመጣል። «ስንት ትጠብቃለህ» ብሎ የሚያስጨንቀው ዘመድ የለም፤ ቁራሽ የሚሰጡት ሰዎች እንኳ አይጠይቁትም። ትራንስክሪፕትም ማኅተምም የለውም። ኋላ ቀርነቱ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ እዚያ ያላወቀ ሰው አላወቀም ይባላል።

ስለዚህ ሐሳብ አለኝ። ፈተናው ይቅርና ግምቱ ይጽደቅ። ልጆቹን በአውቶቡስ ጭኖ በዚህ ጊዜ፣ በዚህ መንገድ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ማመላለስ፣ በር ላይ ስልክና ጌጣጌጥ መፈተሽ፣ መልስ ወረቀቱን በማሽን ማረም፣ ሦስት ወር ማስጠበቅ ምን ይረባል? የ2014ቶቹ ጥቅምት ላይ ተፈትነው ውጤታቸውን የሰሙት ጥር ላይ ነበር፤ እትዬ ግን ይህንን ሥራ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ትጨርሰዋለች። ትምህርት ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ ልጅም በዚህ አሠራር አይበደልም፤ ያልተማረውን ያልተማረ ከመሆኑ ጋር አገናዝቦ መገመት ቀላል ነው።

በየወረዳው የግምት ጽሕፈት ቤት ይቋቋም። ለእነማይና ለሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች ናሙና ይሆን ዘንድ የሞጣና የቢቸና ኮሚቴ አባላትን ከወዲሁ አስበናል። ሰብሳቢዋ እትዬ ናት። ምክትሏ ጸጉር አስተካካዩ ነው፤ በአንድ ቀን የእሱን ያህል ተፈታኝ የሚጠይቅ ሰው የለም። ኮፒ ቤት ያለው ወጣት ጸሐፊ ይሆናል፤ ትራንስክሪፕቱን ሁሉ አባዝቶ የሚያውቀው እሱ ነው። ማመልከቻውም ባለ አንድ ገጽ ነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የሚጠበቅ ውጤት፣ የጎረቤት አስተያየት።

ለዚሁ ኮሚቴ ባደረግነው ስብሰባ አንድ ተካፋይ ቅጹ ላይ «የመማሪያ መጽሐፍ ስንት ደረሰህ?» የሚል መስመር ይጨመር ብሎ ነበር። ጊዜ አጥፍቷል። አዲሱ መጽሐፍ ለብዙው ልጅ የደረሰው በፒዲኤፍ ነው፤ ፒዲኤፉ የሚወርደው በኢንተርኔት ነው፤ ስለ ኢንተርኔቱ ደግሞ ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ። ሌላው ስለ ቤተ ሙከራ ሊናገር እጁን ቢያነሣ፣ ክፍሉ የወንበር ስብርባሪ ማኖሪያ ሆኖ እያገለገለ ስለሆነ ሥራ አልፈታም ተብሎ ተመለሰ።

መምህሩን ለምን አልጨመራችሁም የሚሉን አሉ። ጠይቀነው ነበር፤ ጊዜ የለኝም አለን። እሱም እንደ ሌላው ሰው ግምት ላይ ነው፤ የዚህ ወር ደመወዝ መቼ እንደሚገባ።