ስንዴው ፍላጎት የለውም

አሰላ ውስጥ ‹‹አክሽን ሪሰርች›› ያልሠራ መምህር ካገኛችሁ ጠቁሙኝ፤ እሱን ራሱን አጠናዋለሁ። በ1996 ዓ.ም የተጀመረው የመምህራን አሰልጣኞች የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም አንዱ ሥራ ካደረገው ወዲህ ነገሩ ከኮሌጅ ወጥቶ ትምህርት ቤት ገባ፤ ይኸው አሁን ደግሞ የእህል መጋዘን ደርሷል። ሠራተኞቹ ሒሳብ ይሠልጥኑ፣ ሥልጠናውም እየተጠና ይሻሻል ተባለ። ሐሳቡ ግሩም ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኩርት ሌዊን በ1946 እ.ኤ.አ. የጻፈለት ነገር ሲያጥር እንዲህ ነው፤ አቅድ፣ ሞክር፣ የሆነውን ልብ በል፣ ራስህን አስተካክል፣ ደግመህ ሞክር። እኛ ጋ ‹‹አቅድ›› ላይ የሻይ ሰዓት ይደርሳል።

ጥናቱን ሳልገልጥ ልንገራችሁ? ርዕሱ ‹‹የሠልጣኞች የሒሳብ ውጤት ማነስ፤ መንስኤውና መፍትሔው›› ነው። መንስኤው የሠልጣኞች ፍላጎት ማነስ። መፍትሔው የሚመለከተው አካል ትኩረት ቢሰጠው። አጥኚው ራሱ ከሚመለከታቸው አካላት መካከል ተገኝቶ አያውቅም። መጠይቅ የምንሞላውም ብንሆን አንሻልም። ‹‹ሥልጠናው ይከብዳል›› ለሚለውም ‹‹ሥልጠናው ይቀላል›› ለሚለውም ‹‹በጣም እስማማለሁ›› ላይ ራይት አድርገን ወደ ቤታችን። እኔማ ‹‹ፆታ›› በሚለውም በጣም ልስማማ ምንም አልቀረኝ።

አሰልጣኙ ክፍልፋይ ሊያስተምር ሰሌዳው ላይ ፒዛ ሳለ። ስምንት ቦታ ቆረጠው። ‹‹ሦስቱን ብንበላ ስንት ስንተኛ ይቀራል?›› ቤቱ ጭጭ። እህል የሚያበጥሩ፣ ጆንያ የሚሰፉ እናቶች ፒዛውን እንደ ክስ ወረቀት አፈጠጡበት። በመጨረሻ አንዷ ትልቅ ሴት እጃቸውን አወጡ፤ ‹‹ልጄ፣ የበላነውን ማን ይከፍላል?›› አሰልጣኙ ማስታወሻው ላይ ‹‹የመነሻ ዕውቀት የላቸውም›› ብሎ ጻፈ።

በሻይ ሰዓት እኚያው ትልቅ ሴት፣ አዴ የምንላቸው፣ ስኳራቸውን እያማሰሉ ለጎረቤታቸው የዘንድሮውን አዝመራ ያወጋሉ። ‹‹ከአራት ጥማድ ሃያ አራት ኩንታል ወጣ። ሲሶው ለባለ መሬቱ፣ ስምንት። ሦስቱ ለማዳበሪያ ዕዳ። አሥራ ሦስት ቀረኝ።›› ማንኪያው እንኳ አልቆመም።

ለነገሩ ምርምር እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም፤ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አፍንጫችን ሥር ነው። በ2006 ዓ.ም ዲጋሉ የሚባለው የስንዴ ዝርያ አርሲና ባሌ ላይ በግንድ ዋግ ሲመታ፣ ተመራማሪዎቹ ዋጉን የሚቋቋም ሌላ ዝርያ ፍለጋ ወደ ማሳ ነው የተመለሱት። ‹‹ስንዴው የመብቀል ፍላጎት የለውም፣ ወላጆቹም አይከታተሉትም›› ብሎ ሪፖርት ያቀረበ አልሰማሁም።

ወደ ሠልጣኞቻችን ልመለስና፣ ‹‹ከመቶ›› የሚባለው ምዕራፍ አልገባንም ብለው ሁለት ቀን ተጨምሮላቸዋል። በመዝጊያው ዕለት አበል ሲከፈል ግን ያው ሕዝብ የቀኑን በቀኑ አባዝቶ፣ ትራንስፖርቱን ደምሮ፣ የተቆረጠውን ቀንሶ፣ ገንዘብ ያዡ ካልኩሌተሩን ሳያበራ ‹‹አርባ ብር ጎድሎብኛል›› አለ። ተቆጠረ፤ አርባ ብር ጎድሏል። ያን ዕለት ፈተና ቢሰጥ ኖሮ ሁላችንም ሜዳልያ ነበር።

ከአሰልጣኞቹ መሃል አንድ ልጅ እግር ግን አበሉ ሲከፈል ዓይኑ እዚያ ሰልፍ ላይ ነበር። በቀጣዩ ዙር ፒዛውን አጠፋና ሚዛንና ጆንያ ክፍል አስገባ። አዴን ‹‹እስቲ እርስዎ ያስረዱን›› ብሎ ሲሶውን በእሳቸው አፍ አስተማረ። መጀመሪያ ወንዶቹ ተንጫጩ፤ እሱም አቀማመጡን ለወጠ፣ ደግሞ ሞከረ፣ የጆንያውን ክብደት መቀነስ የሚረሱትን ልብ አለ፣ እንደገና ሞከረ። ጥናቱንም ጻፈ፤ መንስኤ በሚለው ርዕስ ሥር ‹‹የእኔ አቀራረብ›› የሚል።

ገምጋሚው ኮሚቴ በቀይ እስክሪብቶ መለሰለት፤ ‹‹ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም የሠልጣኞች ፍላጎት ማነስ ተዘሏልና ተካቶ ይቅረብ።››